ባቡሩ ያልደረሰላት ፖርት ታውንሰንድ

ድሬዳዋ ተወልጄ ላስ ቬጋስ ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሲያትል ስንገባ መጀመሪያ ያስመረረኝ ዝናቡ ነው። ላስ ቬጋስ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢዘንብባት ነው፤ ሲያትል ከ900 ያልፋል። አዲስ አበባ ከዚህም በላይ ይዘንብባታል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባው ክረምት ሲገባ ነጎድጓዱን አስቀድሞ ዶፉን ያወርደዋል፣ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ይወጣል። የዚህኛው ካፊያ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ያለ መብረቅ ያለ ድምፅ ይንጠባጠባል፤ እኔን የሚከብደኝም ይሄ ዝምታው ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፊቴን አይታ «ፀሐይ ከናፈቀሽ ፖርት ታውንሰንድ ሂዱ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን በጀልባ ተሻገርን፤ ከዚያ በሁድ ካናል ተንሳፋፊ ድልድይ አለፍን። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1979 በማዕበል ግማሹ ሰጥሞ እንደነበር ባለቤቴ የነገረኝ መሀሉ ላይ ስንደርስ ነው። ከተማዋ ስንገባ ሰማዩ ተገልጦ ነበር።

ምክንያቱ ተራራው ነው። ከፓሲፊክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የኦሊምፒክን ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን በምዕራብ በኩል ይጥለዋል፤ በዚያ በኩል ያለው የሆህ ጫካ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ የቀረው ደረቅ አየር ነው፤ ስለዚህ ፖርት ታውንሰንድ የምታገኘው የሲያትልን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ልቤን የወሰደው ግን የከተማዋ ታሪክ ነው። ዋናው ጎዳና፣ ዋተር ስትሪት፣ ግራና ቀኙን ባለ ብዙ ፎቅ የጡብ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ባቡር ይመጣል፣ ከተማዋም የአካባቢው ትልቋ ወደብ ትሆናለች ተብሎ የተገነቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 ሐዲዱን ሊዘረጋ የተዋዋለው ኩባንያ ከሰረ፤ ሥራው ኩዊልሲን የምትባል መንደር ድረስ ሄዶ ቆመ፤ ሕዝቡም ጥሎ ወጣ። ፎቆቹን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ስላልነበረ እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። አንዱን ግድግዳ ቀርቤ ዳሰስኩት፤ ጡቡ ጠርዝ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ በጣቴ ስነካው ቀይ ዱቄት ያዘኝ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ድሬዳዋን የፈጠራት ባቡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ሜዳው ላይ ስለደረሰ ከዚራና ለገሃር የተባሉት ሰፈሮች ተወለዱ። ባቡር የደረሰላት ከተማ ልጅ ሆኜ ባቡር በቀረባት ከተማ መሄድ ሆዴን አባባው። ባለቤቴ «ተነሺ፣ ልጆቹ ራባቸው» እስኪለኝ ድረስ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሕንፃዎቹን ሳይ ቆየሁ።

ሌሊቱ መጥፎ ነበር። ክፍሉን ስንይዝ 140 ዶላር የተባለው ሒሳብ መክፈያው ላይ ሌላ ሆኖ ጠበቀን፤ ማንም በነፃ የሚያቆምበት መንገድ ዳር ላቆምነው መኪና 25 ዶላር ተጨምሮበታል። ብጠይቅ «አሠራሩ ነው» ከማለት በቀር መልስ የለም። እሱም ይሁን፤ የማሞቂያው ቧንቧ ግን እስኪነጋ ሲቀጠቅጥ አደረ። ትንሿ ልጄ እያለቀሰች ከእኔ ጋር ተኛች። እንዲህ ላለ ክፍል ያን ያህል ማስከፈል ነውር ነው።

ጠዋት ፎርት ዎርደን ሄድን። የባሕሩን መግቢያ ለመጠበቅ የተሠራ ምሽግ ነው፤ መድፎቹ ተነስተዋል፣ የኮንክሪቱ ዋሻ ቀርቷል። በሩ ላይ በጨለማው ፈርተን ስንቆም ውሻ ይዘው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ባትሪ ለልጄ ሰጧትና አብረውን ገቡ። የጥይቱ ማከማቻ የት እንደነበር፣ በየትኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይሳብ እንደነበር እየነኩ አሳዩን። ስንወጣ ባትሪውን ስመልስላቸው «ሌላም ዋሻ አለ፤ ስትጨርሱ እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጡልኝ» ብለው ሄዱ። ሰው እንዲህ ሲያምነኝ ደስ ይለኛል።

እዚያው ለመርከቦች መንገድ ከሚያሳየው መብራት ቤት ሥር ባሕሩ ረጅም የባሕር አረም ይተፋል፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ሎሚ ያበጠ ነገር አለው። ልጆቹ እንደ ቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹት ዋሉ፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልነካቸውም።

በመስከረም የእንጨት ጀልባዎች ፌስቲቫል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ድንኳን ገዝተናል፤ የምናድረው ምሽጉ ፓርክ ውስጥ ነው።