በስሜ ጠራኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ልጽፍ ስነሳ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስንቴ ትቼዋለሁ መሰላችሁ።

ደብረ ብርሃን የምኖር አስተማሪ ነኝ። እህቴ አሜሪካ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ለ40 ቀኑ ክርስትና ልድረስ ብዬ፣ ፃድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቼ፣ በሶና ጭኮ ቋጥሬ ተነሳሁ።

አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ስቀይር፣ መሳፈሪያው በር ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አይታ ፈገግታዋ ጠፋ። ስልክ አነሳች። የአያቴን ስም ሦስቴ አስደገመችኝ። ወዲያው ሁለት ሰዎች መጥተው ከሰልፉ አወጡኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። መስኮት የሌለው ክፍል አስገቡኝ። ሻንጣዬ ከአውሮፕላኑ ወርዶ መጣ። አንዱ ጓንት አጥልቆ ጭኮውን አሸተተ፣ በቢላ ለሁለት ገመሰው፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ጨርቁን ማሽን ውስጥ ከተተ። "ገብስና ቅቤ ነው፣ ለአራስ ነው" እላለሁ፤ አራስ በእንግሊዝኛ ጠፍቶብኝ "ለእናት፣ ለእናት" አልኩ። ማሽኑ ምንም አላለም። እነሱም። ከስንት ሰዓት በኋላ አንዷ መጥታ፣ ስሜ ላይ ወደ አሜሪካ እንዳልሳፈር የሚከለክል ምልክት እንዳለ ነገረችኝ። እኔ! የታክሲ ሰልፍ እንኳ የማልጋፋው ሰውዬ።

ስልኬ ዘጋ። አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋም፤ መንጋቱን በምን ልወቅ? አቡነ ዘበሰማያት እጀምርና መሀሉ ይጠፋብኛል። እናቴ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉራት መዝሙር ግን ሳልጠራት መጣች። ቀጥሎ የኢሳይያስ ቃል፦ "በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ።" አልደብቃችሁም፣ ተናደድኩ። "ስሜን ካወቅከው ለእነሱ ለምን አትነግራቸውም?" ብዬ ጮህኩ። ጠባቂው በሩን ከፍቶ አየኝ፤ ተመልሶ ውሃ አመጣልኝ። እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው።

በማግስቱ መለሱኝ። ክርስትናው ያለ እኔ ሆነ። የላኩልኝን ፎቶ አልከፈትኩም። ሁለት ወር ቅዳሴ አልሄድኩም፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር።

ያስታረቀችን የድሮ ተማሪዬ ናት፣ ትኬት ቢሮ ትሠራለች። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ አቤት ይባልበታል" አለችኝ። ለካ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲህ ለተጉላላ መንገደኛ በኢንተርኔት ማመልከቻ ይቀበላል። ፎርሙን ሞላች፣ ፓስፖርቴን ስካን አድርጋ አብራ ላከች፣ ሳንቲም አልተቀበለችኝም። እድሜ ይስጥሽ ልጄ። የዚያን ቀን ለፃድቃኔዋ ጥላ ተሳልኩ። (ባለፈው በ21 አስገብቻለሁ።)

ስምንት ወር አለፈ።

ደብዳቤው መጣ። እንዳይሳፈሩ የተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበርክም አልነበርክም አይልም። ግን አንድ ቁጥር አለበት፣ 7 አሃዝ። ትኬት ስቆርጥ ቁጥሩን ከስሜ ጋር አስሞላሁ። ያው በር ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጅቷ ፓስፖርቴን አየች፣ ስሜን ከነአባቴ፣ አፏ እየተሳሰረ ጠራችው፣ "መልካም ጉዞ" አለችኝ።

የእህቴ ልጅ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ጠበቀኝ። ማታ እህቴ ጭኮውን ልትቆርስ ቢላ ስታነሳ ድንግጥ አልኩ።