ጥይት ሲወደድ መቁጠር ጀመርኩ

ኢላማ ተኩስ ስጀምር ጥይት የሚቆጠር ነገር አይመስለኝም ነበር። ካርቶን ከፍቼ እጨርሳለሁ፣ ሌላ እከፍታለሁ። ቀለሃውን፣ ማለትም ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን የናስ ቀፎ፣ እየሰበሰብኩ ራሴ መልሼ ስለምሞላ፣ ወጪውም ብዙ አይከብደኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን መደርደሪያው ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ባለ 22 ካሊበሩ ትንሹ ጥይት ጠፋ። ቀጥሎ ለጠመንጃዬ የሚሆነው ጥይት ጠፋ። በመጨረሻ ፕራይመርም አልገኝ አለ። ድንገት ሲገኝም ዋጋው የማይቀመስ ነበር።

ፕራይመር ማለት ከቀለሃው ቂጥ መሀል የምትቀመጠው፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ለባሩዱ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ቁራጭ ናት። ባሩድ፣ አረርና ቀለሃ ሞልቶ እሷ ከሌለች ሁሉም ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ የምትሠራም አይደለችም። የሚያመርቷት ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱም ራሳቸው ጥይት ስለሚያመርቱ፣ እጥረት ሲመጣ ለችርቻሮ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ በአንዴ ገበያ ሲወጣ ያለቀችው ለዚህ ነው።

ትንሽ ቆየት ብሎ ባሩዱ ተራውን ያዘ። ጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው። ናይትሮሴሉሎስ ደግሞ የጥጥ ጭረትን ከናይትሪክ አሲድ ጋር አዋህዶ የሚገኝ ነገር ነው፣ የመድፍ ጥይትም ይፈልገዋል። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር መድፉና የኛ ትንሽ ጠመንጃ ለአንድ ዕቃ ተሰለፉ። በ2024 ደግሞ ቻይና አንቲሞኒ የተባለው ማዕድን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደብ ጣለች። አንቲሞኒ የአረሩን እርሳስ ያጠነክራል፣ ፕራይመር ውስጥም ይገባል። ይሄን ሁሉ የማነሳው ሻጩን ብቻ ስንረግም ስለምሰማ ነው። እኔም ረግሜ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር። ደነገጥኩና ያገኘሁትን ሁሉ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፕራይመሩ ትንሹ መጠን ነው፣ የኔ ቀለሃ የሚወስደው ትልቁን ነው። ያ ፕራይመር ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ እኔ ጋ ወራት ተቀመጠ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። ሁላችንም እንደዚያ ባናደርግ መደርደሪያው ያን ያህል አይራቆትም ነበር።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ። የተኮስኩትን እያንዳንዱን ጥይት ከነውጤቱ መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ፊት ለፊት ተገተረብኝ። በአንድ ቀን 60 ጥይት ስተኩስ የሚሻሻለው ነገር የመጀመሪያዎቹ 20 ላይ ነው ያለው። ከ40 በኋላ ኢላማው ላይ ያለው ቀዳዳ እየተበተነ ይሄዳል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን የምተኩሰው ለልምምድ ሳይሆን ካርቶኑ እስኪያልቅ ነበር። ወደ 20 አወረድኩት። ከእያንዳንዱ በፊት ምን ልሞክር እንደሆነ እጽፋለሁ።

የቀረውን ልምምድ ያለ ጥይት ቤት ውስጥ አደረግኩት። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አያለሁ፣ በጣቴም ዳስሼ አረጋግጣለሁ። ጥይት የሚባል ነገር እዚያ ክፍል አይገባም። ግድግዳው ላይ ትንሽ ክብ እለጥፋለሁ። በ100 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ከ5 ሜትር ሲታይ 1 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለዓይን ልዩነት የለውም። ከዚያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ቃታውን እስባለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳንቲሙ በተከታታይ ወደቀ። ድምፅ የለ፣ ምት የለ፣ ትከሻዬ ግን ገና ቃታው ሳይላቀቅ ይሸሻል። ለዓመታት ጥይት እያቃጠልኩ ያላየሁትን ስህተት ያሳየኝ ያ ሳንቲም ነው። ባለ 22 ካሊበር ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙዎቹ ላይ ባዶውን ሲሳብ መርፌው የጥይት ቤቱን ጠርዝ ሊመታ ይችላል። ለልምምድ የተሠራ፣ ባሩድም ማቀጣጠያም የሌለው አስመሳይ ጥይት አስገቡበት፣ ወይም የጠመንጃውን መመሪያ እዩ። የዚህ ካሊበር ማቀጣጠያ ጠርዙ ውስጥ ስለተቀባ እንደሌላው መልሶ አይሞላም።

ቀለሃ ላይ ደግሞ ዓይኔ ተለወጠ። ድሮ ታጥቦ ካብረቀረቀ ይበቃኝ ነበር። አሁን አንድ በአንድ ነው የማየው። አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየሁ ወዲያው ይጣላል። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ነጣ ያለ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ፣ ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብቼ የውስጡን ግድግዳ እዳስሳለሁ። ሽቦዋ እዚያ ቦታ ከተንሸራተተች ደህና ነው። ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ሁሉ ቀጭ ካለች ናሱ ሳስቷል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊበጠስ ይችላል። እንዲህ ያለውን በፒንሳ ጨፍልቄ ነው የምጥለው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላው። በእጥረት ጊዜ ቀለሃ መጣል ያማል። ቢሆንም ይጣላል።

በጣም የተፈተንኩት በባሩዱ ነው። የምጠቀምበት ዓይነት ጠፋና ሌላ አገኘሁ። ቅንጣቱ አንድ ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው። «ትንሽ ቀንሼ ብሞላስ?» አልኩ። ተኩስ ሜዳ ላይ የማከብራቸውን አንድ ጋሼ ጠየቅኳቸው። ቀለሃውን ከእጄ ተቀብለው መልሰው ሰጡኝና «ልጄ፣ ባሩዱ አንድ ቀን ይመጣል። ዓይንህ ከጠፋ ግን አይመጣም» አሉኝ። ባሩድ በመልኩ ቢመሳሰልም የሚቃጠልበት ፍጥነት ይለያያል፣ ልክ ያልሆነው ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። አምራቹ ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ ባሩዱም አረሩም በስማቸው ከሌሉ አልሞላም። ሲኖሩም ከዝቅተኛው መጠን ነው የምነሳው። ያን ወቅት አራት ወር ያህል ምንም ሳልሞላ፣ በአየር ጠመንጃ አሳለፍኩ። የአየር ጠመንጃ ባሩድም ፕራይመርም አይፈልግም፣ የኔ የሚፈልገው 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ ብቻ ነው። በ10 ሜትር የሚተኮስበት የኦሊምፒክ ኢላማ መሀል ነጥቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። እሷን ለመምታት ስታገል ትከሻዬ መሸሹን ተወ።

ያ በስህተት የገዛሁት ትንሹ ፕራይመር በመጨረሻ ባለቤት አገኘ። ሜዳ ላይ አንድ ወጣት ሽጉጡ ያንን እንደሚወስድ ነገረኝ፣ እሱ ጋ ደግሞ ትልቁ ነበር። በገዛንበት ዋጋ ተለዋወጥን። አሁን ሳጥኔ ውስጥ 50 ቀለሃ አለ፣ ስምንት ጊዜ ተሞልቷል። ትናንት በሽቦዋ ስፈትሻቸው ሦስቱ ቀጭ አሉ፣ 47 ቀሩ።