በአንድ ምርኩዝና በስድስት ቃላት፦ ቡላን ያሠለጠንሁበት መንገድ

ምርኩዜን ወደ ላይ ባነሣሁ ቁጥር ቡላ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ፣ ጅራቷን በእግሮቿ መካከል ቀብራ ከአጥሩ ሥር ትወሸቅ ነበር። መንገድ ላይ ያደገች ውሻ ስለሆነች አልፈረድሁባትም፤ ዱላ ያነሣ ሰው ለጅማ የመንገድ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ያለ ምርኩዝ መቆም አልችልም። በልጅነቴ የያዘኝ ፖሊዮ ግራ እግሬን አቅጥኖና አሳጥሮ ትቶታል፤ ዕድሜዬም 61 ደርሷል።

አጂሊቲ የሚባለውን የውሾች የመሰናክል ስፖርት ያየሁት በልጄ ስልክ ላይ ነው። ስፖርቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ለንደን ውስጥ፣ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ ከፈረስ ዝላይ ተቀድቶ ለተመልካች መዝናኛ ሲቀርብ የጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ውሻዋ እንጨት እየዘለለች፣ በዋሻ እየሾለከች፣ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጥመዘመዘች ትሮጣለች፤ አሠልጣኙም ሳይነካት በድምፅና በእንቅስቃሴ ብቻ ይመራታል። መጀመሪያ ያየኋቸው አሠልጣኞች ሁሉ ከውሻቸው እኩል ይሮጡ ስለነበር ነገሩ ለእኔ እንዳልሆነ ቆጥሬ ስልኩን መለስሁላት። ልጄ ግን «አባዬ፣ ይህንን ደግሞ ተመልከት» ብላ የፓራ አጂሊቲን ውድድር አሳየችኝ። በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ ሰዎች እንደ እንቅስቃሴ ችሎታቸው በምድብ ተከፋፍለው የሚወዳደሩበት የዓለም ዋንጫ እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አንዲት ሴት ወንበሯን ከሜዳው መሐል እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ውሻዋን ከዳር እስከ ዳር ስትመራ ሳይ፣ ቡላንም እንዲህ መምራት እንደሚቻል አመንሁ።

መሣሪያው አላስቸገረኝም። ለዝላይ የባሕር ዛፍ አጣናዎችን፣ ለመጥመዝመዣው 12 የቀርከሃ ዘንጎችን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት አዘጋጀሁ፤ ዋሻውን ደግሞ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በክብ አጉብጬ፣ የቡና ጆንያ በላዩ ሰፍቼ ሠራሁት። የሚዘለለው አጣና ቢነካ ወዲያው እንዲወድቅ ፈጽሞ መታሰር የለበትም፤ የታሰረ እንጨት የውሻ እግር ይሰብራል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያዋልሁት ግን መሰናክሉ ላይ ሳይሆን ምርኩዙ ላይ ነው። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ምርኩዙን መሬት ላይ አጋደምሁና፣ ቅመም ያልነካው፣ ጥፍር የሚያህል ቋንጣ ሁለት ክንድ ያህል ከእሱ አርቄ አስቀመጥሁ። ቁራጩን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት አስጠጋሁት፤ በኋላም ምርኩዙ ላይ አኖርሁት። ከዚያ በኋላ ምርኩዙን መሬት ላይ እንዳለ አንከባለልሁት፣ አቆምሁት፣ አንድ ስንዝር አነሣሁት። ቡላ ባፈገፈገች ቁጥር ወደ ትናንቱ ደረጃ እመለስ ነበር። በ19ኛው ቀን ምርኩዙ ከትከሻዬ በላይ ከፍ ብሎ ሳለ መጣችና ጫፉን በአፍንጫዋ ነካችው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያ የፈራችው እንጨት ዛሬ አቅጣጫ የምታነብበት ምልክቷ ነው።

ቀጥሎ የገጠመኝ ችግር ከራሴ አካሄድ የመጣ ነበር። ቀጥ ብላ እንድትሮጥ ስፈልግ ቡላ ወደ ግራ ትታጠፍብኝ ስለነበር ለሁለት ሳምንት ያህል እልኸኛ አድርጌ ቆጠርኋት፤ ይህንን በማሰቤ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ልጄ የቀረጸችውን ቪዲዮ ደጋግሜ ስመለከት ነገሩ ተገለጠልኝ። ውሻ ከምንናገረው ይልቅ ትከሻችንና የእግራችን ጣት ወዴት እንደዞሩ ይመለከታል። እኔ ሳነክስ በየእርምጃው ትከሻዬ ወደ ግራ ይዘነበላል፤ ቡላም ዝንበላዬን እንደ ትእዛዝ ተቀብላ ትታጠፍ ነበር። ስለዚህ አብሬያት መራመዴን ተውሁ። ከግቢው መሐል ቆሜ መጀመሪያ ከአጣናው በአንድ ሜትር ርቀት፣ በየቀኑም ግማሽ እርምጃ እየጨመርሁ ከሩቅ መምራትን ተለማመድሁ፤ አሁን ሰባት ሜትር ላይ ቆሜ እልካታለሁ። የሚሮጥ አሠልጣኝ የዘገየ ምልክቱን በእግሩ ያርማል፤ እኔ ግን ቀጣዩን መሰናክል ከመዝለሏ በፊት፣ ገና እየተንደረደረች ሳለች መንገር አለብኝ።

ቃላቱን ስድስት ብቻ አደረግኋቸው፦ ሂጂ፣ ዝለይ፣ ግቢ፣ ዙሪ፣ ነይ፣ ቁሚ። በፊት ከ«ቁሚ» ይልቅ «ቆይ» እል ነበር፤ ከሩቅ ስጣራ ግን ከ«ነይ» ጋር እየተመሳሰለባት መሐል መንገድ ላይ ግራ ትጋባለች። ሲሳካላት በዚያው ቅጽበት «ጎሽ!» እላለሁ፤ ቋንጣው ቢዘገይ ግድ የለም፣ ቃሉ ግን መዘግየት የለበትም።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ቀኑን ለማካካስ ብዬ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አሠራኋት። ጭቃው አንሸራተታትና የፊት እግሯ ወለም አለው፤ ሦስት ሳምንት አረፈች። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዳችን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሰባት ደቂቃ አይበልጥም፤ መሬቱ እርጥብ ሲሆን የምናደርገው የቃላት ልምምድ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም በየዓመቱ አስከትባታለሁ፤ ልጆች የሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ጎረቤቴ ሐጂ የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ስለሚጠነቀቁ፣ እሳቸው ሲመጡ ቡላን አስቀድሜ ከአጥሩ ማዶ አስራታለሁ፤ እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው «አሁን ልቀቃትና እንያት» ይሉኛል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ ደግሞ የራሳቸውን ውሻ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ለእሳቸው የመረጥሁት ራሊ የተባለውን ነው፤ በየጣቢያው የተጻፈውን መመሪያ እያነበቡ በእርምጃ የሚሄዱበትና ውሻውን እያነጋገሩ እንዲመሩ የሚፈቅድ ስፖርት በመሆኑ ሩጫ አይጠይቅም። መመሪያዎቹን በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁላቸው።

ለእኔና ለቡላ የቀረን ቀርከሃው ነው። ውሻዋ የመጀመሪያውን ዘንግ በግራ ትከሻዋ በኩል አድርጋ መግባት አለባት፤ ይህንን ከየትኛውም ማዕዘን ብልካት አትስተውም። አጠገቧ ስቆም 12ቱንም ትጨርሳለች፣ አምስት ሜትር ስርቅ ግን ዘጠነኛው ላይ ወጥታ ዞራ ታየኛለች። ከትናንት ጀምሮ ወደ አራት ሜትር ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ጠዋት እስከ 11ኛው ሄደች።