ደጀ ሰላም ላይ የሚወራውን ወደ አዳራሽ ያስገባንበት መንገድ

ዲያቆን በቅዳሴ መልእክት ሲያነብ ቢስት ምን እንደሚሆን የሚያስቀድስ ሁሉ ያውቃል። በግእዝ ንባብ ተነሽ የሚባለውን ቃል ወዳቂ አድርጎ በተሳሳተ ድምፅ ቢያነበው አጠገቡ ካሉት አባቶች አንዱ እዚያው ያርመዋል። ሕዝቡ ሁሉ ይሰማል። ዲያቆኑ ቃሉን ደግሞ ያነብና ይቀጥላል። የሚቀየም የለም።

በዚያው ደብር "የሕንፃው ሒሳብ የት ደረሰ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ወይ ተሐድሶ (እምነቱን ሊለውጥ የመጣ) ይባላል፣ ወይ ፖለቲከኛ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ደብር የምእመናን ተወካይ ሆኜ ሰበካ ጉባኤ ስገባ ጸሐፊነቱን ሰጡኝ። ሰበካ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲ ከወጣበት ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበት ነው። በወረቀት ደረጃ ሁሉም ድምፅ አለው። በተግባር ግን ቅሬታው ሁሉ የሚሰማው ደጀ ሰላም ላይ፣ ጽዋ ማኅበር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። አዳራሽ ሲገባ ሁሉም "አባታችን እንዳሉት" ይላል።

ከእኛ በፊት የተሰቀለ የአስተያየት ሣጥን ነበር። ስንከፍተው ብር አገኘንበት። የክርስትና ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶችም ነበሩ፤ "በጸሎት አስቡኝ" የሚሉ። አስተያየት የሚባል ነገር ከጥቂት ስድብ በቀር የለም። በሕዝቡ አልፈርድም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ምን እንደሚጨመርበት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ሣጥኑን አውርደን በየወሩ አንድ እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ሰው እንሰብስብ አልኩ። መጀመሪያ የተቃወሙኝ አንድ አረጋዊ ካህን ናቸው። የኖኅን ልጆች ጠቀሱ። ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየሄዱ የአባታቸውን ገመና ሸፈኑ፤ ያወራው ካም ነው አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ገመና መሸፈን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

መልሱ የመጣው ከእኔ ሳይሆን ከደብሩ ሰባኪ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነሡ። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየቀኑ ማዕድ ችላ ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት "ገመናችንን አታውጡ" አላሉም። ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡት ሰባቱም ስማቸው የግሪክ ነው፤ ቅሬታው ከተነሣበት ወገን የወጡ ይመስላል። "ሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስን ያገኘነው እኮ በቅሬታ ነው" አሉ። ደግሞም ጳውሎስ ጴጥሮስን አንጾኪያ ላይ ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ እኛ ግን ሁለቱን ሐምሌ 5 ቀን አንድ ላይ እናከብራቸዋለን። አረጋዊው ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሥርዓት ይኑረው" አሉ።

ሥርዓቱን ያወጣነው በዚህ ቃላቸው ነው። ከሁሉ የጠቀመን የንግግር ተራውን መገልበጥ ይመስለኛል። በአገራችን ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንጀምራለን፤ ከዚያ እናቶች፣ ከዚያ አባወራዎች። ካህናቱ መጨረሻ ናቸው፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ከሁሉም በኋላ። አንዳንዱ ይህን ድፍረት ነው አለ። አስተዳዳሪው ራሳቸው "ዳኛ መጨረሻ ነው የሚናገረው" ብለው ዘጉት።

ሁለተኛው ነገር፣ በዕለቱ መልስ አይሰጥም። ጸሐፊው ይጽፋል፣ በቃ። ይህ ለኮሚቴው ሰው ከባድ ነው። ሒሳብ ያዡ ስለ ሒሳብ ሲነሣ ወንበሩ ላይ አይረጋም። ግን እዚያው መልስ ከተጀመረ ስብሰባው ወደ ክርክር ይሄዳል፤ ቀጣዩ ተናጋሪም አፉን ይይዛል። ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤት ግምገማ ያለፍን ነን። የተናገረ ሰው ማታውኑ እንደሚገመገም እንጠብቃለን። ያ ፍርሃት ከሰው ላይ እስኪለቅ ብዙ ቆየ።

መልሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይነበባል። የተባለው ይህ ነው፣ የተደረገው ይህ ነው፣ ያልተደረገው ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው። የተናጋሪው ስም አይጠራም። "አይሆንም" የሚል መልስ እንኳ ሰውን አላስቀየመም። ሰውን የሚያስቀይመው ዝምታ ነው።

ስለ ጨረታው ልናገር። ከቅዳሴ በኋላ ጥላም፣ ምንጣፍም፣ ሻማም ይጫረታል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ይህን ያነሣችው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት። "አባቶቼ፣ ሰው የሚወጣው እኮ ጨረታው ሲጀመር ነው። ወንጌሉን የሚሰማው ወንበርና ምሰሶ ነው" አለች። ሳቅ ሆነ። እናቶች ተከተሏት፦ ልጅ አዝለን፣ በባዶ ሆድ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንቁም? ሒሳብ ያዡ የሕንፃው ገንዘብ ከዚያ እንደሚመጣ ያውቃልና ፊቱ ጠቆረ። በሚቀጥለው ወር ትምህርቱን አስቀደምን። ጨረታውን ለንግሥ በዓልና ለወርኃዊው በዓል ብቻ አደረግነው። ሰባኪው ሰው አገኙ። ገንዘቡ ግን ቀነሰ፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተተካም። የሒሳብ ያዡ ስጋት ባዶ አልነበረም፤ ይህንንም ለሕዝቡ አንብበንለታል።

ሰው በስም የሚነሣበት ወቀሳ አዳራሽ አይገባም። ማቴዎስ 18 መንገዱን አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ምስክር ይዞ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ግን ይህ ጥቅስ ለአፍ ማዘጊያም ሲውል አይቻለሁ። የጎደለ ገንዘብ ለብቻ የሚመከርበት ጉዳይ አይደለም፤ ኦዲተር ይምጣ። ሕፃን ላይ የደረሰ ጉዳትም "ወንድምህን ለብቻው ምከረው" አይባልበትም፤ ወደ ሕግ ይሄዳል። ይህን በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ያደረግነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። የኑዛዜ ጉዳይ ደግሞ የነፍስ አባት ነው፤ እዚያ አንገባም።

ለማረም የሚናገርና ለማዋረድ የሚናገር እንዴት ይለያል ይሉኛል። እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "እርስዎስ ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?" ለማረም የመጣ ሰው የሆነ ነገር ይላል፤ ባይሆንም ያስባል። ሌላው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንዴ የሚጮኸው ሰው ነው ትክክል የሆነው፤ ዝም ተብሎ ስለኖረ ነው የሚጮኸው።

ያላሰብነው ቅሬታ የመጣው ከውጭ ነው። ለሕንፃው ከዱባይና ከቤሩት ገንዘብ የሚልኩ የሰፈራችን ልጆች አሉ፤ ሰው ቤት ሠርተው ያገኙትን ነው የሚልኩት። አንዷ በቴሌግራም በድምፅ "ስንልክ ተባረኩ ትሉናላችሁ፤ ግድግዳው የት እንደደረሰ ግን የምናየው ሰው ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ ነው" አለች። ያንን ድምፅ አዳራሽ ውስጥ አሰማነው። አሁን የሒሳብ ሪፖርቱ ሕዝቡ በሰማበት ቀን ከነፎቶው ወደ እነሱ ይሄዳል። ባለፈው የሲሚንቶው ዋጋ ለምን ከፍ አለ ብለው ጠይቀዋል፤ መልሱን የግዢ ኮሚቴው እያዘጋጀ ነው።