ጥለቱ ወደ ላይ ነው

ይህቺን ስዕል ለመሳል አራት ወረቀት አበላሽቻለሁ። አምስተኛው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ እየደረቀ ነው።

የሳልኩት ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታን ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን መርዶ ጠዋት በቴሌቪዥን ሰማን። ማታ አስከሬናቸው ከብራስልስ ገባ። እኔና እማዬ ቦሌ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ክረምት ነው፣ ይዘንባል። አቡነ ጳውሎስ ካረፉ ገና አምስት ቀናቸው ነበር፣ እንኳን አርባቸው ሊወጣ ቀብራቸውም አልደረሰም። ከተማዋ ላይ ለቅሶ በለቅሶ ተደራረበባት።

ውሃ ቀለም የመረጥኩት ለዝናቡ ብዬ ነው። ወረቀቱን በደንብ አርሼ ጥቁር ሰማያዊ ስጥልበት፣ የመኪናው መብራት ልክ እንደዚያ ማታ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰልኝ። ያስቸገረኝ ነጩ ነው። በውሃ ቀለም ነጭ አይቀባም፤ ወረቀቱን ሳይነኩ ይተዉታል እንጂ። ስለዚህ ነጠላ የለበሱትን ሴቶች ባዶ ትቼ ዙሪያቸውን አጠቆርኩ።

አራተኛውን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ልጄ፣ እነዚህ ለቅሶ ነው የመጡት ወይስ ሰርግ?» አለችኝ።

ጥለቱን ታች፣ እግራቸው ጋ አድርጌው ነበር። ለቅሶ ላይ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት ጋ ይወጣል። ያን ሁሉ ሰዓት አጠገቧ ቆሜ ይህን አላየሁም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያ ሁሉ እንባ የእውነት ነበር ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። በሰውየው የተቀየመ ብዙ ነው፣ ምክንያትም አለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ። እኔ የማውቀው ግን የእማዬን ለቅሶ ነው። ያን ማታ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ነበር የምታለቅሰው። አጎቴ ባድመ ዘምቶ አልተመለሰም። ሬሳው አልመጣም፤ በመርዶ ብቻ ድንኳን ጥለን ተቀመጥን። እኛ ጋ ለቅሶ የሄደ ሰው የራሱንም ሙት አልቅሶ ነው የሚመለሰው። እማዬ ከአስራ ምናምን ዓመት በኋላ የምታለቅስበት ሬሳ አገኘች።

አምስተኛው ላይ ጥለቱን በቀጭን ጥቁር መስመር አንገት ላይ አወጣሁት። እማዬ ከፊት ያለችውን ሴት በጣቷ ነካች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር መስመሩ ትንሽ ተነካክቷል። አላስተካክለውም።