በቲማቲም የሚቆጠር ፕሮፖዛል

ከሐረማያና ከኮምቦልቻ (የምሥራቅ ሐረርጌዋ እንጂ የወሎዋ አይደለችም) የሚጫን አትክልት ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ሲደርስ የደጋው ብርድ አብሮት አይመጣም። «ያለ መብራት የሚያቀዘቅዝ ማስቀመጫ ብንሠራስ?» የሚል ሐሳብ ከፊራ ገበያ ውስጥ ለማንም ሊመጣ ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ድጋፍ ለማግኘት የሚጻፈው ፕሮፖዛል ግን ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ሥዕል ይጀምርና እዚያው ይቀራል። መጀመር ያለበት ከሚጣለው ነው።

አምስት ነጋዴዎች፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ሳምንት። ማታ ማታ የተጣለው ይመዘናል፤ በዋጋ ቅናሽ የተሸጠውም ለብቻው። «ስንት ይበላሽባችኋል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ኧረ ግማሹ!» የሚል መልስ ይመጣል፣ እሱም ፕሮፖዛል ውስጥ ሃምሳ በመቶ ሆኖ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተጣለውን ለሁለት መለየት ነው፦ በሙቀት የለሰለሰና የተጨማደደ በአንድ በኩል፣ የተጨፈለቀ በሌላ በኩል። አብዛኛው ከሳጥኑ ሥር የተጨፈለቀ ከሆነ ማቀዝቀዣ አያድነውም፤ የሚያስፈልገው ጠለቅ ያላለ ሳጥን ነው። ብዙ ሐሳብ እዚህ ላይ መልኩን ይቀይራል። ቢቀይር ደግሞ ኪሳራ የለውም፣ እስካሁን የወጣው የሚዛን ዋጋ ብቻ ነው።

ሙቀቱ ነው ጥፋተኛው እንበል። በትነት ማቀዝቀዝ (ውኃ ሲተን ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳል) አዲስ ነገር አይደለም። በሁለት የጡብ ግድግዳ መካከል እርጥብ አሸዋ ያለው ማስቀመጫ ሕንድ ውስጥ በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ተሠርቷል፤ ናይጄሪያዊው መሐመድ ባህ አባ በሸክላ ውስጥ ሸክላ ከትቶ ተሸልሞበታል። ስለዚህ «በዓለም የመጀመሪያው» የሚለው መስመር ይሰረዝ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፈጠራ በተጨማሪ አነስተኛ ፈጠራንም ይጠብቃል፤ አዲስ ነገር ካለ ምናልባት በአሠራሩ ማሻሻያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ከመገንባት በፊት የሚሠራ ስሌት አለ። ሁለት ቴርሞሜትር ውሰዱ፣ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና አራግቡት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምታገኙት ቅዝቃዜ ጣሪያ ነው፤ ደኅና ማስቀመጫ ከዚያ 70 እስከ 80 በመቶውን ይሰጣል። አየሩ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ እርጥቡ ቴርሞሜትር 22 አካባቢ ያነባል፤ ውስጡ 25 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። 30 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ባለበት የክረምት ቀን ግን ትርፉ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ውኃ በሚበዛበት ወቅት ማቀዝቀዣው ይሰንፋል፣ ውኃ በሚወደድበት ወቅት ይበረታል። ይህን ራሳችሁ ካልጻፋችሁት ገምጋሚው ይጽፍላችኋል።

ናሙናው ላይ ጡቡን እርሱት። ጉሊት ላይ ያለች ነጋዴ አንድ ሜትር ቦታ ይዛ ግድግዳ አታቆምም። የእንጨት ፍሬም፣ ዙሪያውን በቃጫ ጆንያ፣ ከላይ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ጄሪካን ይበቃል። ከፀሐይ ውጪ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይቁም፤ ነፋስ ከሌለ ጆንያው ይረጥባል እንጂ ውኃው አይተንም። እኩል የበሰለ 20 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ፣ 20 ኪሎ ደግሞ ውጭ ጥላ ላይ አስቀምጡና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ። ሽንኩርት አታስገቡ። እሱ ደረቅ አየር ነው የሚፈልገው፣ እዚህ ውስጥ ይበቅላል ወይም ይሻግታል።

ስለ ውኃው መጠን፦ አንድ ሊትር ሲተን 60 ኪሎ ቲማቲም በ10 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሙቀት ይወስዳል። በወረቀት ላይ እጅግ ያስደስታል። በተግባር ግን ቀኑን ሙሉ ከውጭ የሚገባው ሙቀት ብዙ እጥፍ ይጠጣል፤ ስለዚህ በጄሪካን ለክታችሁ መዝግቡ። የድሬዳዋ ውኃ ደግሞ ኖራው ብዙ ነው፤ ማንጠባጠቢያውን ይደፍናል፣ ጆንያውንም ያጠነክረዋል። ጆንያ መቀየሪያና ቀዳዳ መጥረጊያ ወጪ ውስጥ ይግባ።

ወጪው ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ መጀመሪያ በብር ሳይሆን በቲማቲም አስሉት። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚዋዥቅ የብር ሠንጠረዥ ሳይታተም ያረጃል። እንበል ነጋዴዋ በቀን 60 ኪሎ ትይዛለች፣ 6 ኪሎ ትጥላለች፣ ማስቀመጫው ግማሹን ያድናል፦ 3 ኪሎ። ውኃው በቀን የ1 ኪሎ ዋጋ ከበላ፣ ጆንያና ጥገና ግማሽ ኪሎ ከወሰዱ፣ ቀሪው 1.5 ኪሎ ነው። ፍሬሙ የ90 ኪሎ ዋጋ ካስወጣ በ60 የገበያ ቀን ይመለሳል። ወደ ብር የሚቀየረው ፕሮፖዛሉ በሚገባበት ቀን ዋጋ ነው። ውኃውን የሚያፈሰው ሰው ድካም ግን በዚህ ስሌት የለም፤ ማን እንደሚያፈስ፣ በስንት ሰዓት፣ በስምምነት ይጻፍ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው።

ሐረር ላይም እንሠራዋለን የምትሉ ከሆነ ቁጥሩን አትገልብጡ። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ፤ የሚድነው ኪሎ ያንሳል፣ የፍሬሙ ዋጋ ግን ያው ነው።

በአባሪ የሚያያዘው በእጅ የተሞላው የሚዛን መዝገብ ነው፣ ውኃ ያልተፈሰሰባቸው ቀናት ሳይፋቁ።