«ነሐሴ የእኛ አዝመራ ነው»

አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ሲና አስተምረዋል። ሲያርፉ ስድስታችን ልጆቻቸው በስልክ ተመካከርን። ሦስቱ ቨርጂኒያ ናቸው፣ ሦስታችን አዲስ አበባ። የተዝካሩን ወጪ ቀነስንና በስማቸው ለተቸገሩ ተማሪዎች ዩኒፎርም የሚገዛ የቤተሰብ ፈንድ አቋቋምን።

የመጀመሪያውን ዓመት 120 ዩኒፎርም መርካቶ ገዝቼ በአይሱዙ ላክሁ። ዋጋው ረክሶልኝ ነበርና ደስ ብሎኛል። በማግስቱ እዚያው ደብረ ሲና ቆሎ ልገዛ ስወጣ አንድ ልብስ ሰፊ ከበረንዳቸው ጠሩኝ። የሲንጀሩን ፔዳል መርገጥ አቆሙ።

«እግዜር ይስጥልን ልጄ። የአባትሽን ሱሪ እኮ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ነሐሴ የእኛ አዝመራ ነው። ዘንድሮ ግን ሰው አልመጣም።»

የምለው ጠፋኝ። ለከተማዋ ብለን ያዋጣነው ብር ደብረ ሲናን ሳይነካ መርካቶ ቀርቷል። የሰፊዎቹንም ገበያ ወስደንባቸዋል።

በቀጣዩ ዓመት ለአራት ሰፊዎች በሰኔ ግማሹን ቀብድ ሰጠን። ጨርቁን በጣቃ አስመጡ። አንዱ ዩኒፎርም ከመርካቶው በለጠብን። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ «በልዩነቱ 15 ልጅ ይለብስ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም ይከብደኛል። ግን ያ ብር እዚያው ሲዞር አይቻለሁ። ያን ቀን የጠሩኝ ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ፣ ሁለት ልጆች ቀጥረው እያስተማሩ ሰፉ። አንደኛው ልጅ አሁን በራሱ መኪና ይሰፋል። ክሩም ቁልፉም ከዚያው ሱቅ ተገዛ።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንዱ ሰፊ ቀብዱን በልቶ ዘገየ፣ 18 ልጆች ያለ ዩኒፎርም ትምህርት ጀመሩ። በጣም አዘንኩ። አሁን ቀብዱን ለሁለት ከፍለን ነው የምንሰጠው፤ ሁለተኛው የሚወጣው የተሰፋው ታይቶ ነው።

ዘንድሮ ፈንዱን በሕግ እናስመዝግበው ብለን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ 1113/2011ን አነበብኩ። ኢንዶውመንት የሚባል አደረጃጀት አለው፤ ንብረት ለዘለቄታው ለበጎ ዓላማ ብቻ እንዲውል የሚሰጥበት ነው። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ገደብ ነው። ቀሪው ብር ከማን እጅ ዕቃ እንደሚገዛ ግን መወሰን ያለብን እኛው ነን። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ረቂቅ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ እዚያው የሚሠራ ነገር ከዚያው ይገዛል።

ባለፈው ሰኔ ልኬት ሲወሰድ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የመርካቶው እጅጌ የልጆቹን ጣት ሁሉ ይውጥ ነበር። ጋሼ ሜትሩን የአንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻ ላይ አሳረፉ፣ ሁለት ጣት ጨመሩና «ይቺ እስከ ፋሲካ ታድጋለች» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።